ጊሽጣን በጓሮ አልምቶ ፍሬ ማግኘት

ጊሽጣ ብዙ ሰው ተክሎ፣ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ተስፋ የሚቆርጥበት ዛፍ ነው። ዛፉ ያድጋል፣ ቅጠሉ ያምራል፣ በየዓመቱ አበባው ይበዛል፤ ፍሬው ግን አምስት ወይም ስድስት ብቻ፣ እሱም ጎኑ የጎደለ ይሆናል። አፈሩ ደክሟል ተብሎ ፍግና ዩሪያ ይጨመርለታል፤ በዚያ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይጨምርም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አበባው በቂ ብናኝ (ከወንዴው የአበባ ክፍል የሚወጣውን ዱቄት) አለማግኘቱ ነው፤ በአንድ ትንሽ ብሩሽና በማለዳ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ሥራ ይፈታል። ይህ መመሪያ አተካከሉንም ገረዛውንም (የቅርንጫፍ ቆረጣውንም) ይዟል፤ በሰፊው የምንቆየው ግን አበባው ላይ ነው።

የትኛው ጊሽጣ ለየትኛው አካባቢ

በአገራችን ጊሽጣ የሚባሉት ዛፎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይወቁ።

የመጀመሪያው አኖና ስኳሞሳ ነው። ፍሬው ትንሽ ነው፤ ላዩ በጎላ ጎላ ባሉ እብጠቶች ተሸፍኖ ሲበስል ክፍልፋዩ በእጅ ይለያያል። ሥጋው ነጭ፣ በጣም ጣፋጭና ትንሽ አሸዋማ ነው። ሙቀት ይወዳል፤ ድሬዳዋን ለመሰለ ቆላና ከ1,500 ሜትር በታች ላለ ቦታ የሚመከረው ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የቆላው ጊሽጣ የምንለው እሱን ነው።

ሁለተኛው ቼሪሞያ (አኖና ቼሪሞላ) ነው። ፍሬው ተለቅ ያለ፣ ቆዳው ለስላሳ ወይም አውራ ጣት ተጭኖበት አሻራ የቀረበት የሚመስል፣ ሥጋው ክሬም መሳይ ነው። ይህ የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ ከ1,500 እስከ 2,200 ሜትር ባለ ቦታ ይስማማዋል። ቆላ ቢወርድ በቅጠል ተሞልቶ ፍሬ አይዝም። ደጋ ቢወጣ ደግሞ ውርጭ ወጣቱን ችግኝ ይገድለዋል።

ሦስተኛው አኖና ሬቲኩላታ ነው። ቆዳው ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ቀይ ወይም ቡናማ የሚያደላ፣ ቅርጹ የልብ ዓይነት ነው። ጣዕሙ ከሁለቱ ያንሳል፤ ነገር ግን ጠንካራ ስለሆነ ለቆላው ጊሽጣ ሥር ሆኖ ቅርንጫፍ ሊቀጠልበት ይችላል።

አኖና ስኳሞሳና ቼሪሞያ ተዳቅለው የተገኘው አቴሞያ የሚባለው ዝርያ አለ። በእስራኤል ገበያ አኖና ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። ከዚያ ፍሬ ዘር ይዞ መጥቶ መዝራት ይቻላል፤ ግን የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም፤ አንዱ ጥሩ ሲሆን ሌላው ዘር ብቻ የሞላበት ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላሉ ደግሞ ክረምቱ ስለሚገድለው በትልቅ ማሰሮ ተክሎ በብርድ ወራት ቤት ከማስገባት ሌላ ምርጫ የለም።

ችግኝ ከዘር

ዘሩን ከጤነኛ፣ ከበሰለና መልኩ ከሞላ ፍሬ ይውሰዱ። ሥጋውን አጥበው ያስወግዱ፤ በጥላ ሥር ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ያድርቁት። ትኩስ ዘር ወዲያው ቢዘራ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ይቆያል፤ ደርቆ ጥቂት ሳምንት የቆየ ዘር ይሻላል።

በሚዘሩበት ቀን ዋዜማ የዘሩን አንድ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ይፈግፍጉት፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ይንከሩት። ጠንካራው ሽፋን ውኃ እንዲያስገባ ነው። የሚንሳፈፉትን ይጣሉ።

አፈሩ 3 እጅ የላይ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ይሁን። የፕላስቲክ ከረጢቱ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ ጊሽጣ ገና በልጅነቱ ረጅም ዋና ሥር ያወጣል፤ አጭር ከረጢት ውስጥ ሥሩ ይጠመዘዛል። የተጠመዘዘ ሥር ያለው ችግኝ መሬት ከገባ በኋላ ለሁለት ዓመት ሳያድግ የሚቆምበት ምክንያት ይህ ነው። በአንድ ከረጢት 2 ዘር፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩ፤ ከፊል ጥላ ባለበት ያስቀምጡ፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። አየሩ ሞቃት ከሆነ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ቀዝቃዛ ቦታ ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል ቸኩለው ከረጢቱን አይድፉት። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ይቁረጡት፤ አይንቀሉት፣ የሌላውን ሥር ያናውጣል።

ችግኙ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለመተከል ዝግጁ ነው። ከዘር የበቀለ ዛፍ በአብዛኛው በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል።

ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ቅርንጫፍ መቀጠል

የጎረቤትዎ ዛፍ ፍሬ ግሩም ከሆነ ዘሩን ሳይሆን ቅርንጫፉን ይለምኑ። የቅጠሉ መርገፊያ አልፎ ዓይኑ (አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣበት እምቡጥ) ሊነቃ ሲል፣ ማለትም በየካቲት አካባቢ፣ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ችግኝ ይምረጡ። ከአፈሩ 15–20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው አግድም ይቁረጡት፤ መሃሉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይሰንጥቁት። የሚቀጠለው ቅርንጫፍ ያለፈው ዓመት እድገት ሆኖ 2 ወይም 3 ዓይን ያለው፣ ከ8–10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ይሁን፤ ታችኛው ጫፉን በሁለት በኩል በስለታም ምላጭ አሹለው በስንጥቁ ውስጥ ያስገቡት። ዋናው ነገር ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ቢያንስ በአንድ በኩል ከችግኙ አረንጓዴ ሽፋን ጋር መገጣጠሙ ነው፤ ውፍረታቸው ባይመጣጠን መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ጎን ገፋ ያድርጉት። በፕላስቲክ ጥብጣብ አጥብቀው ይሰሩት፤ ከላይ ትንሽ ግልጽ ፌስታል አልብሰው በጥላ ያቆዩት። ከ3–4 ሳምንት በኋላ ዓይኑ ካበጠ ይዟል ማለት ነው። ቅርንጫፉ ከጠቆረ ከዚያ በታች ካለው አረንጓዴ ክፍል ላይ በሚቀጥለው ወቅት ይሞክሩ።

ለቆላው ጊሽጣ ሥር የሚሆነው የራሱ ወይም የሬቲኩላታ ችግኝ ነው፤ ለቼሪሞያ የቼሪሞያ ችግኝ ይጠቀሙ።

ተከላ

ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከኃይለኛ ነፋስ የተከለለ ይሁን። የጊሽጣ እንጨት ተሰባሪ ነው፤ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ በነፋስ በቀላሉ ይገነጠላል። ከቤት ግድግዳ ከ3 ሜትር ያላነሰ ያርቁት። በዛፎች መካከል ለቆላው ጊሽጣ ከ4–5 ሜትር፣ ለቼሪሞያ ከ6–7 ሜትር ይተዉ።

ከሁሉ በላይ የሚፈራው ግን ውኃ የሚተኛበት መሬት ነው። ከመትከልዎ በፊት ጉድጓዱን በውኃ ሞልተው ይተዉት፤ በማግስቱ ውኃው ካልጠለቀ እዚያ አይትከሉ፤ ወይም አፈር አከማችተው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ይትከሉ። ጥቁር የሸክላ አፈር ባለበት ጉብታው ግዴታ ነው።

60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ከተከላው ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድመው ይቆፍሩ። የላዩን አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹን በሌላ ወገን ያስቀምጡ። የላዩን አፈር ከ15–20 ኪሎ ግራም በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ይመልሱ። ያልበሰለ ፍግ አይጠቀሙ፤ ሥሩን ያቃጥላል፤ ምስጥ ባለበት አካባቢ ደግሞ ምስጥን ይጠራል። የምስጥ ስጋት ካለ አፈሩን የሚሸፍነውን ጉዝጓዝ ደረቅ ገለባ አያድርጉት፤ ግንዱን በየሳምንቱ እያዩ ምስጡ የሚሠራውን የአፈር መንገድ ያፍርሱ።

በዝናብ መግቢያ፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ይትከሉ። ከረጢቱን በምላጭ ቀደው ያውጡት፤ ከታች የተጠመዘዘ ሥር ካለ ያን ጫፍ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡት። ችግኙ በከረጢቱ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ይቀመጥ፤ አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። የተቀጠለ ችግኝ ከሆነ የተቀጠለበት ቦታ ከአፈሩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሁን። በእግር ጠቅጠቅ ያድርጉ፤ 10 ሊትር ውኃ ያጠጡ። ከ8–10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ዙሪያውን ያልብሱት፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያርቁት።

ውኃና ማዳበሪያ

በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ10–15 ሊትር ይበቃዋል። ካደገ በኋላ በየ7–10 ቀኑ ከ60–80 ሊትር ይስጡት፤ የሸክላ አፈር ከሆነ ይበልጥ ያራርቁ። ውኃው የሚፈሰው ግንዱ ሥር ሳይሆን የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚያጠላበት ዙሪያ ላይ ነው፤ ውኃ የሚመጥጡት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ላይኛው አፈር ላይ ተዘርግተው ይገኛሉ። በዚሁ ምክንያት ዛፉ ሥር በዶማ አይቆፍሩ፤ አረሙን በእጅ ይንቀሉ።

ቅጠሉን በሚያረግፍበት ወቅት ውኃውን ይቀንሱለት። ዕረፍቱን ካላገኘ አበባው ተበታትኖ ይመጣል።

በየዓመቱ በዝናብ መግቢያ ለወጣት ዛፍ 10 ኪሎ ግራም፣ ላደገ ዛፍ ከ20–30 ኪሎ ግራም ኮምፖስት ይስጡ። ዩሪያ ከጨመሩ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ጊዜ ከ50 ግራም አይበልጥ፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ከፋፍለው ርጥብ አፈር ላይ በትነው በአፈር ይሸፍኑት። 5 ዓመት ያለፈው ዛፍ በዓመት ከ300–400 ግራም ይበቃዋል፤ ከዚህ በላይ የተሰጠው በቅጠል ይወጣል። ሲያብብ ዩሪያ አይስጡ። ኖራ በበዛበት አፈር ላይ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ በላዩ ያሉት ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ የብረት እጥረት ነው፤ ተጨማሪ ዩሪያ አያድነውም። ኮምፖስት ያብዙለት፤ ከእርሻ ግብዓት ሻጮች የሚገኘውን በቅጠል ላይ የሚረጭ የብረት ማዳበሪያ ይጠቀሙ።

ገረዛ፤ የተደበቀውን ዓይን መክፈት

በመጀመሪያው ዓመት ግንዱን ከ60–75 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡት። ከሚያወጣቸው ቅርንጫፎች በተለያየ አቅጣጫ የሚሄዱ፣ ከግንዱ ሰፋ ባለ ማዕዘን የወጡ 3 ወይም 4 ይተዉ፤ ሌሎቹን ያስወግዱ። ከግንዱ ጋር ተጠግተው ቀጥ ብለው የሚወጡት ፍሬ ሲከብዳቸው ከመገጣጠሚያቸው ይሰነጠቃሉ።

ከዚያ በኋላ ገረዛ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የዕረፍት ወቅቱ ማብቂያ ላይ፣ በአብዛኛው በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ነው። የደረቀውን፣ የተሻገረውንና ወደ መሃል የገባውን ያውጡ፤ ያለፈውን ዓመት ቅርንጫፍ አንድ ሦስተኛ ያህል ያሳጥሩት። የዛፉን ቁመት በ2.5 ሜትር ይወስኑት። ከመሬት ቆመው የማይደርሱበት አበባ ብናኝ አይቀባም፤ ፍሬውም ለወፍና ለሌሊት ወፍ ነው።

ጊሽጣን ከሌሎች ዛፎች የሚለየው ነገር እዚህ ላይ አለ። አንድ ቅጠል ይያዙና ዘንጉን ወደ ታች ገፍተው ይገንጥሉት። የዘንጉ ሥር ውስጡ ባዶ ሆኖ ይወጣል፤ እዚያው ቦታ ላይ በጥሩ ጸጉር የተሸፈነች ትንሽ ዓይን ትታያለች። ዓይኗ በቅጠሉ ዘንግ ተሸፍና ስለኖረች ቅጠሉ እስካልወደቀ ድረስ አታቆጠቁጥም። ስለዚህ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ በማያረግፍ አካባቢ ዛፉ ገርዘውት ሳያቆጠቁጥ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው ገርዘው ሲጨርሱ በተዉዋቸው ቅርንጫፎች ላይ የቀሩትን አሮጌ ቅጠሎች በእጅ ማራገፍ ነው። ወዲያው አንድ ጊዜ በደንብ ያጠጡ። ከ2–4 ሳምንት ውስጥ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ አበባውም አብሮት ከአዲሱ ቅርንጫፍ ሥርና ካለፈው ዓመት እንጨት ላይ ይመጣል። ትልቅ ጓሮ ያላቸው ሰዎች ዛፎቹን በሁለት ሳምንት ልዩነት እየገረዙ ፍሬው በአንድ ጊዜ እንዳይደርስ ያደርጋሉ፤ ለቤት ፍጆታ የሚመች ዘዴ ነው።

አበባውን ማወቅ

የጊሽጣ አበባ ሦስት ወፋፍራም፣ ረዘም ያሉ፣ አረንጓዴ ወይም ክሬማ መልክ ያላቸው መላላጫዎች (የአበባ ቅጠሎች) አሉት። ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ብዙ ሰው አበባ መሆኑንም አያስተውለውም። አንዱን ቆርጠው መላላጫዎቹን ቢያነሱ መሃል ላይ ትንሽ ሾጣጣ ነገር ያገኛሉ። የሾጣጣው ጫፍ ሴቴው ክፍል ነው፤ ከሥሩ በዙሪያው በጥቅጥቅ የተደረደሩት እህል መሳይ ነገሮች ብናኝ የሚሰጡት ወንዴ ክፍሎች ናቸው።

ሁለቱ በአንድ አበባ ውስጥ ይኑሩ እንጂ በአንድ ጊዜ አይደርሱም። አበባው በመጀመሪያ ሴቴ ነው፦ መላላጫዎቹ ጫፋቸው ላይ ብቻ ትንሽ ተከፍተው፣ ውስጡ ያለው ሾጣጣ ነጭ፣ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ይሆናል። በኋላ ወንዴ ይሆናል፦ መላላጫዎቹ ተዘርግተው ይከፈታሉ፤ ሾጣጣው ይደርቃል፤ ወንዴዎቹ ላልተው ብናኝ ያራግፋሉ። በዚህ ጊዜ የራሱ ሴቴ ክፍል አልፎበታል። ብናኙን ወደ ሌላ ሴቴ አበባ የሚያደርሱት በአብዛኛው ወደ አበባው የሚገቡ ደቃቅ ጥንዚዛዎች ናቸው። ንብ በጠባቡ ቀዳዳ አትገባም፤ ቀፎ ማቆም አይጠቅምም። ጥንዚዛዎቹ በሌሉበት ወይም ባነሱበት ጓሮ አበባው ሳይፀንስ ይረግፋል።

ብናኝ በእጅ መቀባት

የሚያስፈልገው ለስላሳ ጠጉር ያለው ትንሽ የሥዕል ብሩሽ፣ ክዳን ያለው ደረቅ የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም ትንሽ ኩባያ፣ የሻይ ማጥለያና የሚቀቡትን አበባ ለማስታወስ ቀለም ያለው ክር ነው።

ሰዓቱ እንደ ዝርያው ይለያያል።

ቼሪሞያ ጠዋት ሴቴ ሆኖ ይከፈታል፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ገደማ ወንዴ ይሆናል። ስለዚህ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በሰፊው የተከፈቱ አበቦችን ይልቀሙ። ወረቀት ላይ አድርገው መታ መታ ያድርጓቸው፤ ወንዴዎቹም ብናኙም ይረግፋሉ። በሻይ ማጥለያ አጥልለው ብልቃጥ ውስጥ ያድርጉ፤ ክዳኑን ላላ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። አጥብቀው ከከደኑት ብናኙ አልቦት ይጣበቃል። በማግስቱ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ገና በከፊል የተከፈቱትን ሴቴዎች ይቅቡ። ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ምሽት የሚገኙትን ሴቴዎች መቀባት ይቻላል።

የቆላው ጊሽጣ ብናኙን የሚያራግፈው ወደ ንጋት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥተው በሰፊው ከተከፈቱት ይሰብስቡ፤ እዚያው ጫፋቸው ብቻ የተከፈቱትን ይቅቡ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከ3 ሰዓት በፊት ይጨርሱ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። በግራ እጅ ጣቶች አበባውን ይዘው አንዱን መላላጫ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ያጥፉ፤ ቢቀነጠስም ጉዳት የለውም። ብሩሹን ብናኝ ውስጥ ነክረው ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ሾጣጣውን ዙሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩበት። ዙሪያውን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጊሽጣ ፍሬ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ እብጠት የአንድ ሴቴ ክፍል ውጤት ነው። ብናኝ የደረሰው ክፍል ዘር ይይዛል፤ ያብጣል። ያልደረሰው እዚያው ቀርቶ ፍሬው በዚያ ጎን ይሰረጉዳል። ጎኑ የጎደለ ጊሽጣ ያገኙበት ዛፍ ሕመም ላይኖርበት ይችላል፤ ብናኙ በአንድ ወገን ብቻ ገብቶ ነው።

ከ20–30 ወንዴ አበባ የሚገኝ ብናኝ ከ50–60 ሴቴ ያዳርሳል። የሚቀቡትን ሲመርጡ ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፍ አጠገብ ያሉትን ያስቀድሙ፤ ቀጭን ጫፍ ላይ የያዘ ፍሬ ቅርንጫፉን ይሰብራል ወይም በነፋስ ከቅርንጫፍ ጋር እየተፋተገ ይቆስላል። የተቀባው ላይ ክር ላላ አድርገው ይሰሩ። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ለአንድ ወር ያህል ይደጋግሙት፤ ፍሬው በየተራ ይደርስልዎታል።

በሳምንት ውስጥ መላላጫው ረግፎ መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረና ካበጠ ፀንሷል። ከነዘንጉ ጠቁሮ ከወደቀ አልያዘም። ብዙዎቹ ከወደቁ ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፣ የቀቡት ሾጣጣ ያብረቀርቅ ነበር ወይስ ደርቆ ነበር? ሁለተኛ፣ አየሩ በጣም ሞቃትና ደረቅ ነበር ወይ? ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ደረቅ ቀን ሾጣጣው በፍጥነት ይደርቃል። በእንዲህ ያለ ወቅት ማለዳ ዛፉ ሥር ያለውን መሬትና ጉዝጓዙን ውኃ ይርጩበት፤ አበባው ላይ ግን አይርጩ፣ ብናኙን ያጥበዋል።

ስኬቱ ካማረ ደግሞ አይሳሱ። በመጀመሪያው የፍሬ ዓመት ከ8–10 ፍሬ ብቻ ይተዉ፤ በሁለተኛው ከ20–30። በአንድ ቦታ ሁለት ፍሬ ተጣብቆ ከያዘ አንዱን ገና ትንሽ ሳለ ያንሱት፤ በመካከላቸው ነጩ ጥጥ መሳይ ተባይ ይሸሸጋል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ፍሬው መጋጠሚያና ዘንጉ ላይ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ከታየ ሜሊበግ የሚባለው ተባይ ነው። አጠገቡ ጉንዳን አይጠፋም፤ ጉንዳኑ ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመላስ ሲል ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉንዳኑን ይከላከሉ፦ ግንዱን በወፍራም ወረቀት ወይም በፕላስቲክ ጠቅልለው በላዩ ግራሶ ይቀቡ፤ ግራሶ በቀጥታ ቅርፊቱ ላይ አይነካ። መሬት የሚነኩ ቅርንጫፎችን ይቁረጡ። ከዚያ በ1 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙናና 1 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት በጥብጠው ፀሐይ ስትበርድ ይርጩ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረጉ ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

የፍራፍሬ ዝንብ የወጋው ፍሬ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ትል ይኖረዋል። ፍሬው የሎሚ መጠን ሲደርስ በወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፍነው አፉን ይሰሩ። ፕላስቲክ አይሆንም፤ ውስጡ ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። የወደቀ ፍሬ ዛፉ ሥር አይቆይ፤ በጥቁር ፌስታል አስረው ለጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ያድርጉት ወይም ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩት።

ትንንሽ ፍሬዎች ጠቁረውና ድንጋይ ሆነው ዛፉ ላይ ከቀሩ የሻጋታ በሽታ ነው፤ በዝናብ ወቅት ይበረታል። የደረቁትን አንድ ሳይቀር ለቅመው ያቃጥሉ፤ በሽታው ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚሻገረው በእነሱ ላይ ነው። የዛፉን መሃል በገረዛ አየር ያስገቡለት።

ዛፉ በአንድ ወገን ወይም ሙሉ በሙሉ በድንገት ከጠወለገ፣ አፈሩም እርጥብ ከሆነ፣ ሥሩ በስብሷል። ውኃ መጨመር ያፈጥነዋል። ወዲያው ውኃ ያቁሙ፤ ግንዱ ሥር ያለውን አፈርና ጉዝጓዝ ገለል ያድርጉ፤ ውኃ መውረጃ ይቁረጡለት። ከሞተ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ጊሽጣ አይትከሉ፤ ቲማቲም፣ ድንችና በርበሬም አጠገቡ ባይተከሉ ይመረጣል፣ የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ የሚጋሩ ናቸውና።

ለቀማ

የቆላው ጊሽጣ ከፀነሰ ከ3–4 ወር፣ ቼሪሞያ ከ5–8 ወር ይፈልጋል። ጊሽጣ ጠንካራ ሳለ ተለቅሞ ቤት ውስጥ ይበስላል፤ አስቸጋሪው መቼ እንደደረሰ ማወቁ ነው። የቆላው ጊሽጣ ሲደርስ በእብጠቶቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ይሰፋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለው መልክ ከአረንጓዴ ወደ ክሬም ወይም ፈዛዛ ቢጫ ይለወጣል። ይህን ምልክት ካላዩ አይቁረጡ። ያለጊዜው የተለቀመ ፍሬ አይለሰልስም፤ ተጨማድዶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ጎማ ይቀራል። ከልክ በላይ ዛፍ ላይ ከቆየ ደግሞ ይሰነጠቅና ለጉንዳንና ለወፍ ይሆናል። ቼሪሞያ ቆዳው ከደማቅ አረንጓዴ ወደ ፈዛዛ ሲለወጥና ላዩ ሲለሰልስ ደርሷል።

በእጅ አይጎትቱት፤ ከፍሬው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘንግ አስቀርተው በመቀስ ይቁረጡ። ዘንጉ ሲነቀል የሚቀረው ቀዳዳ የመበስበሻ በር ነው። በአንድ ረድፍ ለስላሳ ነገር ላይ ያስቀምጡ፤ ከ3–6 ቀን ውስጥ በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት የሚሰጥ ከሆነ በስሏል። ሳይበስል ፍሪጅ ከገባ ቆዳው ይጠቁራል፤ ሥጋውም በትክክል አይበስልም። ከበሰለ በኋላ ግን ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል።

ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አጥብቀው ይያዙ፦ የጊሽጣ ዘር መርዛማ ነው። ሙሉውን ሳይሰበር የዋጠ ሰው በአብዛኛው ሳይፈጭ ያወጣዋል፤ የተፈጨው ግን አደገኛ ነው። ስለዚህ ጁስ ሲሠሩ ዘሩን በሙሉ ለቅመው ሳያወጡ መፍጫ ውስጥ አይጨምሩ። ዱቄቱን ለቅማል ብሎ ራስ ላይ መቀባትም አይገባም፤ ዓይን ከነካ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ድንገት ከነካ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ አጥበው ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ከበሰለ ሥጋውን በማንኪያ አውጥተው ዘሩን ይለዩ፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያድርጉበት፤ አለበለዚያ ነጩ ሥጋ ወደ ቡናማ ይለወጣል። በትንንሽ እቃ ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ። አያፍሉት፤ ጊሽጣ በእሳት ጣዕሙ ይበላሻል።